ስለ አሮጌ ፒካፕ የሞተር ድካም፤ ምክንያቱም ተመርምሮ ስለሚገኝበት መንገድ

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደው መንገድ በቅዱስ ወንጌል የታወቀ መንገድ ነው። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ስትሆን፥ ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች። እንግዲህ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ አንድ መኪና ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ሲመለስም ያንኑ ያህል ይወጣል። በሚወርድበት ጊዜ ሞተሩ ቢደክምም አይታወቅበትም፤ ክብደቱ ራሱ ይነዳዋልና። በመመለሻው ግን የተሰወረው ደዌ ሁሉ ይገለጣል። በጥምቀት ሰሞን ከዮርዳኖስ ሲመለሱ ድንኳኑን፥ ድስቱን፥ የውሃውንም በርሜል የጫነ አሮጌ ፒካፕ በዐቀበቱ መካከል ትንፋሹ አጥሮ በጨለማ ቢቆም፥ ከኋላው ከባድ መኪና እየገሠገሠ ይመጣልና ነገሩ የመዘግየት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ነገር ይሆናል። ስለዚህ ለገዳም መኪና የሚላኩ ወንድሞች ሁሉ የሞተርን ድካም መርምረው ምክንያቱን ለማግኘት እንዲችሉ ይህን ጽፈናል።

ለምሳሌ የምናነሣት ፔዦ 404 ናት። ይህች መኪና በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 ዓመተ ምሕረት ወጣች፤ ፒካፑም በ1967 ተከተለ። ሞተሯ አራት ሲሊንደር፥ 1618 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነ፥ በኮፈኑ ውስጥም 45 ዲግሪ ወደ ጎን ያዘነበለ ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለባትም፤ በካርቡራተርና በፑንቲና ትሠራለች። ስለዚህም ዐይን፥ ጆሮና አፍንጫ ያለው ሰው ሊመረምራት ይችላል። የሌሎቹም አሮጌ የቤንዚን ፒካፖች ሥርዓት ከዚህ ብዙ አይርቅም። የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላም ካርቡራተርም የለውምና ለእርሱ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልገዋል።

የቤንዚን ሞተር ኃይል የሚሰጠው አራት ነገሮች ሲሟሉለት ነው። እነዚህም በቂ አየር፥ በልክ የተቀላቀለ ቤንዚን፥ በሰዓቱ የሚደርስ እሳት፥ የተሳበውንም አየርና ቤንዚን አጥብቆ የሚጨምቅ የማይተነፍስ ሲሊንደር ናቸው። ከአራቱ አንዱ ሲጐድል ሞተሩ ይደክማል። ችግሩ ግን አራቱም በአንድ ድምፅ መጮኻቸው ነው፤ ነጂው የሚሰማው «አልሳብ አለች» የሚለውን ብቻ ነውና።

በትርጓሜ ቤት የተማርን ሰዎች ለአንድ ቃል «አንድም፥ አንድም» እያልን ብዙ ፍች መስጠትን ለምደናል። ጥቁር ጭስ ብታዩ አንድም የአየሩ ፊልትሮ ታፍኗል፥ አንድም ለብርድ ጊዜ የሚሳበው የአየር መዝጊያ ተዘግቶ ቀርቷል፥ አንድም በካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ቤንዚን ጠጥቶ ሰምጧል ትላላችሁ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በመጽሐፍ ትርጓሜ አንዱ ሌላውን ሳይሽር ሁሉም ይጸናል፤ በሞተር ግን ከተቈጠሩት ሁሉ እውነተኛው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ምክንያት መቍጠር የሥራው እኩሌታ ነው፤ የቀረው እኩሌታ አንዱን ከሌላው የሚለየውን ፈተና ማግኘት ነው። ይህን የማያደርግ መካኒክ ዕቃ በዕቃ እየለወጠ ይሞክራል፤ ገንዘቡም የምጽዋት ገንዘብ መሆኑ አይታወሰውም።

አስቀድሞ ነጂውን መጠየቅ ይገባል። ድካሙ በአንድ ቀን መጣ ወይስ ቀስ በቀስ? በብርድ ነው ወይስ ከጋለች በኋላ? በሚኒሞ፥ ማለት ነዳጅ ሳይሰጣት ቆማ ስትሠራ፥ ትንቀጠቀጣለች ወይስ በዐቀበት ብቻ ነው የምትደክመው? ከዚያ በፊት ምን ሥራ ተሠርቶባት ነበር? በአንድ ቀን የመጣ ድካም ብዙውን ጊዜ የተነቀለ፥ የተሰበረ ወይም የተዘጋ ነገር ነው። ቀስ በቀስ የመጣው የመበላትና የመቈሸሽ ነው። በጠዋት ደኅና ሆና ከጋለች በኋላ የምትደክመው ደግሞ የራሷ የሆነ ምርመራ አላት፤ ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

ኮፈኑን ከመክፈት በፊት ሞተሩ ያለ በደሉ ተከስሶ እንደ ሆነ መመልከት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በሞተሩ አይደለም። ፍሬን ይዞ የቀረ እንደ ሆነ መኪናዪቱ ትጐተታለች። ይህንንም ለማወቅ ጥቂት መንገድ ፍሬን ሳይረገጥ ነድቶ መቆምና እጅን ወደ እያንዳንዱ ጎማ ቸርኬ ማቅረብ ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ነገሩ ታወቀ። ፍሪሲዮን ያለቀ እንደ ሆነ ደግሞ የሞተሩ ድምፅ ይጮኻል፥ መኪናው ግን አይፈጥንም፤ የተቃጠለ ነገር ሽታም ይኖረዋል። ደካማ ሞተር ድምፁም አብሮ ይደክማል እንጂ እንዲህ አይጮኽም። ከዚህ ቀጥሎ አንዱ ወንድም ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የነዳጁን ፔዳል እስከ መጨረሻ ይርገጥ፥ ሁለተኛው የአየሩን ፊልትሮ አንሥቶ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው ክዳን ፈጽማ ትከፈት እንደ ሆነ ይመልከት። ዘንጉ ከመበላቱ የተነሣ ወይም ከፔዳሉ በታች በተነጠፈው ወፍራም ምንጣፍ ምክንያት በእኩሌታ ብቻ የምትከፈት ብዙ ጊዜ ትገኛለች። ይህ ምርመራ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ስለዚህም ይመስለኛል ጋራዦች የሚረሱት። በመጨረሻም ከበታች ጐንበስ ብሎ የጭሱ ቧንቧና ማርሚታው በድንጋይ ተመትተው ተጨፍልቀው እንዳይሆኑ ማየት ነው። ጭሱ መውጫ ያጣ ሞተር አዲስ አየር ሊስብ አይችልም።

በዚህ ላይ የአገሩ ከፍታ የሚያመጣው ልዩነት አለ። በኢየሩሳሌም ያለው አየር ከኢያሪኮው ከ10 እጅ 1 እጅ በሚበልጥ ይሳሳል፤ ስለዚህ ማንኛውም ካርቡራተር ያለው መኪና ወደ ላይ በወጣ መጠን ጥቂት ይደክማል፥ ጭሱም ጥቂት ይጠቍራል። ከአዲስ አበባ የመጡ ነጂዎች ይህን ያውቁታል፤ በ2400 ሜትር ከፍታ ከአራት እጅ አንድ እጅ የሚያህለው አየር ይጐድላልና። ይህ ደዌ አይደለም፤ በጋራዥም አይድንም። ነገር ግን በኢያሪኮ ሜዳ ላይ ሳለች ራሱ የማትስብ መኪና በከፍታው ልታመካኝ አትችልም።

ሞተሩን አስነሥቶ ለመመርመር ሲታሰብ ሦስት ነገሮች ይጠበቁ። አንደኛ፥ በተዘጋ ግቢ ወይም በመጋዘን ውስጥ ሞተር አይነሣ፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታም መልክም የለውም፥ ሰውንም በእንቅልፍ ይወስዳል። ሁለተኛ፥ ነጠላና ጋቢ ይውለቅ፥ የቀሚስ እጅጌም ይጠቅለል፤ ማራገቢያውና ቺንጊያው መነኵሴ ነው ብለው አይራሩም። ሦስተኛ፥ ጎማዎቹ በድንጋይ ይደገፉ። የቤንዚን ቧንቧ በሚፈታበት ቦታ ሻማ፥ ፋኖስም ሆነ የዕጣን ፍም እንዳይቀርብ መንገር የሚያሻ አይመስልም ነበር፤ ሆኖም ሲቀርብ ታይቷልና እነግራለሁ።

ምርመራውን ከእሳቱ መጀመር ይሻላል፤ አራቱ ካንዴላዎች የአራቱ ሲሊንደሮች ምስክሮች ናቸውና። መኪናዪቱ ዐቀበት ከወጣች በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ፥ ሲበርድም በተራ ፈትቶ በየቍጥራቸው መደርደር ነው። እንደ ፈካ ቡና መልክ ያለው ካንዴላ ደኅና ነው። ጥላሸት የለበሰ፥ ደረቅና ጥቁር የሆነው ቤንዚን በዝቶበታል። ጥቁርም ሆኖ በዘይት የረጠበው ዘይት ወደ ላይ እየወጣበት ነው። የነጣና ጫፉ የቀለጠ የሚመስለው ደግሞ ቤንዚን አንሶታል ወይም እሳቱ ከሰዓቱ ቀድሞበታል። አራቱም አንድ መልክ ከሆኑ ጥፋቱ ለሁሉ በሚያገለግል ነገር፥ ማለት በካርቡራተር፥ በፊልትሮ ወይም በእሳቱ ሰዓት ነው። አንዱ ብቻ የተለየ እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ በዚያ ሲሊንደር፥ በሽቦው ወይም በራሱ በካንዴላው ነው። ይህ አንድ እይታ የምርመራውን መንገድ በእኩሌታ ያሳጥራል። በፔዦ ላይ ግን አንደኛው ሲሊንደር የሚቈጠረው ከኋላ፥ ከፍሪሲዮኑ ወገን መሆኑ ይታወቅ፤ የእሳቱም ተራ 1፥ 3፥ 4፥ 2 ነው። ሽቦዎቹን በሌላ መኪና ልማድ ከፊት ቈጥሮ የመለሰ ሰው ሞተሩን ሲያስነሣ በካርቡራተር በኩል ሲያስነጥስ ይሰማዋል።

ካንዴላዎቹ ካልመሰከሩ ሞተሩን በሚኒሞ አስነሥቶ በጎማ በተሸፈነ ፒንሳ የካንዴላዎቹን ሽቦ አንድ በአንድ መንቀልና መመለስ ነው። ሽቦው ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ከወረደ ያ ሲሊንደር ሲሠራ ነበር፤ ድምፁ ካልተለወጠ ግን ቀድሞም ሥራ ፈት ነበር። በእጅ ብቻ የሚነቅል ሰው ከ10 ሺሕ ቮልት በላይ የሆነ ምት ይቀበላል።

በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ሥር ያሉት ፑንቲናዎች በደቂቃ 3000 ጊዜ በሚዞር ሞተር 6000 ጊዜ ይከፈታሉ። ስለዚህ ይቃጠላሉ፥ ይበላሉም። የክፍተታቸው ልክ በዚህች መኪና 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የካንዴላው 0.6 ነው። በፑንቲናው ላይ ያለችው መፋተጊያ ስትበላ ክፍተቱ ይጠባል፤ ክፍተቱ ሲጠብም የእሳቱ ሰዓት ወደ ኋላ ይዘገያል። ሰዓቱ የዘገየበት ሞተር በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ስለሚደክም ነጂው ይለምደዋል፤ ሙቀቱ ሲበዛ፥ ቤንዚኑም ሲያልቅ ብቻ ይነቃል። በተቃራኒው ሰዓቱ የቀደመ እንደ ሆነ በዐቀበት ላይ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚናጥ ያለ ድምፅ ይሰማል። ይህን ድምፅ ችላ ብሎ መንዳት ፒስተንን ይሰብራል።

አሁን ወደ ቤንዚኑ እንመለስ። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 15 ኪሎ ያህል አየር ይሻል። ከዚህ ልክ ሲያልፍ ጭሱ ይጠቍራል፤ ሲያንስም ሞተሩ ይንተባተባል፥ ነዳጅ በተሰጠው ጊዜም ወዲያው አይመልስም። የሚንተባተብ ሞተር ብዙ ጊዜ በካርቡራተሩ ሥር ባለው የተሰነጠቀ ጓርኒሲዮን ወይም ከፍሬኑ ማገዣ በሚመጣው ቱቦ በኩል የሌብነት አየር ይስባል። ይህንንም ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ጥቂት የሳሙና ውሃ በመርጨት መለየት ይቻላል፤ ውሃው ሲገባ ቀዳዳውን ለጊዜው ስለሚሸፍን የሞተሩ ዜማ ይለወጣል።

ስለ ቤንዚን መንገድ ስንናገር የታንኩ፥ ማለት የሰልባትዮው ክዳን የሚናቅ ነገር አይደለም። በክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ጠባብ ቀዳዳ አለች። በኢያሪኮ አቧራ የተደፈነች እንደ ሆነ ቤንዚኑ ሲቀንስ በፋንታው የሚገባ አየር አይኖርም፤ ፓምፑም መሳብ ያቅተዋል። መኪናዪቱ 10 ወይም 20 ኪሎ ሜትር በደኅና ከሄደች በኋላ እየደከመች ትቆማለች፤ ጥቂት ካረፈች በኋላም እንደ ገና ትነሣለች። እንዲህ ያለ ደዌ በያዛት አንዲት ፒካፕ ላይ አንድ ጋራዥ ፓምፑን፥ ከዚያም ካርቡራተሩን ለወጠ፤ የሁለቱንም ዋጋ ተቀበለ። በሦስተኛው ጊዜ በዐቀበቱ መካከል ስትቆም ክዳኑ ቢከፈት እንደ ሰው ትንፋሽ «እስስ» ብሎ አየር ገባ፥ መኪናዪቱም ወዲያው ተነሣች። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው ፈተና ይህ ነው፤ በቆመችበት ሰዓት ክዳኑን ከፍቶ ማዳመጥ።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው ግን ከጋለች በኋላ የምትቆም መኪና ናት። በበጋ የኢያሪኮ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በኮፈኑ ሥር ያለው ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ከቤንዚን ውስጥ ቀላል የሆነው ክፍል ከ40 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ስለሚፈላ፥ በፓምፑና በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል። ፓምፑም እንፋሎትን ሊገፋ አይችልምና ካርቡራተሩ ይደርቃል። ነገር ግን እሳት የሚሰጠው ቦቢናም ሲያረጅ ልክ እንዲሁ ያደርጋል። ሲበርድ ይሠራል፥ ሲግል በውስጡ ያለው ሽቦ ይዳከማል፥ ካረፈም በኋላ ይነሣል። ኮንደንሰሩም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ደዌዎች በምልክት ፈጽመው አንድ ናቸው። እርጥብ ጨርቅ በፓምፑ ላይ አድርጎ ግማሽ ሰዓት መጠበቅም አይለያቸውም፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት ቦቢናውም ይበርዳልና። «ጨርቅ ብናደርግ ተነሣች፥ እንግዲያስ የእንፋሎት ነገር ነው» የሚለው ፍርድ ስለዚህ ምስክር የጐደለው ፍርድ ነው።

የሚለያቸው ፈተና በቆመችበት ቅጽበት፥ ሳትበርድ የሚደረገው ብቻ ነው። ከመንገድ ዳር ካወጧት በኋላ ወዲያውኑ የአንዱን ካንዴላ ሽቦ ነቅሎ፥ በሽቦው ጫፍ ላይ ትርፍ ካንዴላ ሰክቶ፥ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቶ ሞተሩን ማዞር ነው። ይህም ከካርቡራተሩና ከቤንዚኑ ቧንቧ ርቆ ይሁን። ሰማያዊና የሚጮኽ ብልጭታ ከታየ እሳቱ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ በቤንዚኑ ወገን ነው። ብልጭታው ከሌለ ወይም ቀይና የሞተ ከሆነ ቤንዚኑ በሐሰት ተከስሷል፤ ጥፋቱ በቦቢናው፥ በኮንደንሰሩ ወይም በፑንቲናው ነው። ስለዚህ በመኪናዪቱ ውስጥ አንድ አሮጌ ካንዴላና አንድ ካቻቢቴ ሁልጊዜ ይቀመጡ። የእንፋሎት ደዌ መሆኑ ከታወቀ የቤንዚኑ ቧንቧ ከጭሱ ቧንቧ እንዲርቅና በመካከላቸው የሙቀት መከለያ ቆርቆሮ እንዲገባ ማድረግ ይበቃል፤ አዲስ ፓምፕ አያሻም።

የቀረው አራተኛው ነገር የሲሊንደሩ ጭመቃ ነው። ከሁሉ በኋላ የሚመረመረው ከሁሉ ያነሰ ስለሆነ ሳይሆን ከሁሉ የከበደ ስለሆነ ነው። አራቱም ካንዴላዎች ተፈትተው፥ የቦቢናው ሽቦ ተነቅሎ፥ የነዳጁ ፔዳል እስከ መጨረሻ ተረግጦ፥ ሞተሩም ሞቆ ሳለ በየሲሊንደሩ የጭመቃ መለኪያ ይገባል። የሚታየው ቍጥሩ ብቻ ሳይሆን በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ100 እጅ ከ10 እስከ 15 እጅ ከበለጠ ደዌ አለ። ያነሰው በተገኘበት ሲሊንደር በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስሶ እንደ ገና መለካት ነው። ቍጥሩ ከፍ ካለ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፤ ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖለታልና። ካልተለወጠ ቫልቩ አይገጥምም። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ደግሞ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል።

ቫልቭ ነው ከተባለ ቴስታታው ከመነሣቱ በፊት የቫልቮቹ ክፍተት ይለካ፤ ሞተሩ ፈጽሞ በርዶ ሳለ የመሳቢያው 0.10፥ የጭሱ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌ ሞተሮች የተሠሩት እርሳስ ለተቀላቀለበት ቤንዚን ነበር። ይህ ቤንዚን ለመኪና መሸጡ አልጄርያ በመጨረሻ ስታቆም በ2021 በዓለም ሁሉ ቀረ፤ ለጤና ትልቅ ጥቅም ሆነ። ነገር ግን እርሳሱ የቫልቩን መቀመጫ ይጠብቅ ነበርና መቀመጫው ለስላሳ በሆነ ሞተር ላይ የጭሱ ቫልቭ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይገባል፥ ክፍተቱም ይጠፋል። ክፍተት ያጣ ቫልቭ ፈጽሞ አይዘጋም፤ በእሳትም ይቃጠላል። የሚንኳኳ ቫልቭ ሁሉ ያስጨንቃል፤ እኔ ግን ድምፁ የጠፋውን የበለጠ እፈራለሁ። ክፍተቱ በጊዜ የተስተካከለ እንደ ሆነ አንዳንድ ጊዜ ጭመቃው ይመለሳል፥ የቴስታታውም ወጪ ይቀራል።

የቴስታታው ጓርኒሲዮን ወይም የሲሊንደሩ ቀሚስ ጥፋት ከሆነ ምልክቱ ግልጽ ነው። በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይፈላል፥ ነጭ ጭስ ከጋለችም በኋላ አይቆምም፥ የዘይቱም መለኪያ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ይወጣል። የዚህች መኪና የሲሊንደር ቀሚሶች በቀጥታ በውሃ የተከበቡ ስለሆኑ ከሥራቸው ያለው ማሸጊያ ሲያረጅም ውሃ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ስለዚህ ቴስታታው ሲነሣ የቀሚሶቹ ማሸጊያ አብሮ እንዲታይ ይነገር። ይህ ሥራ የገዳም ግቢ ሥራ አይደለም፤ የቴስታታ ሠሪ ሥራ ነው። ወደ እርሱም ሲኬድ የአራቱ ሲሊንደሮች ቍጥር፥ ዘይት ከመግባቱ በፊትና በኋላ የተለካው፥ ከነቀኑ በወረቀት ተጽፎ ይሰጠው፤ እርሱም ከሠራ በኋላ ዳግመኛ ለክቶ ከአጠገቡ ይጻፍ። እስከዚያ ድረስ መኪናዪቱ በከተማው ሜዳ ዳቦና ውሃ ታመላልስ እንጂ ምእመናንን ይዛ ወደ ኢያሪኮ አትውረድ።